የወንድሜን ስም ለማስፋቅ አሰላ ድረስ

በዚያ ማለዳ በቆጂ ገበያ ዳር በጭነት መኪናው ላይ የነበርነው እነዚህ ነን፦ መኪናውን የሚነዳው አቶ ሁሴን፣ ከጎኑ ኒሻኖቻቸውን ከቤት ጀምረው የደረደሩት ባላምባራስ ጥላሁን፣ ከኋላ የገብስ ጆንያ ላይ እኔ በላይነሽ ወልዴና ልጄ አስቴር፣ የበቆጂ ሕዝብ ለበዓሉ የላከው ሙክት፣ እንዲሁም ያው ሕዝብ ለሐውልቱ የላከው የአበባ ጉንጉን። በጉንና አበባውን አንድ ላይ የጫነው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔ ገና ሳንነሣ «ይህ ነገር ደግ አይደለም» ብዬ ነበር። ስለ ሁሉም ነገር ደግ አይደለም ስለምል ግን የሰማኝ የለም።

ይህን የምጽፈው ለማኅበራችን ሴቶች ነው። ከመካከላችሁ አሰላን ያላያችሁ፣ ምናልባትም የማታዩ ብዙ ናችሁ። ከተመለስኩ ወዲህ በየቤታችሁ እየጠራችሁ ታስወሩኛላችሁ፤ እኔም በአንዱ ቤት የረሳሁትን በሌላው እጨምራለሁ። አስቴር «እማዬ፣ ጻፊውና አንድ ይሁን» አለችኝ። ትምህርቴ ሦስተኛ ክፍል ላይ የቆመ ስለሆነ ፊደል ብሳሳት እሷ አርማዋለች።

የሄድኩበት ጉዳይ ይህ ነው። ጠላት ከአሰላ የወጣበትን ቀን የሚያስታውስ ሐውልት ተሠርቶ ሚያዝያ ሃያ ሰባት እንደሚመረቅ፣ በጦርነቱ የሞቱ ያገራችን ሰዎች ስምም እንደተጻፈበት በቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲነገር፣ የወንድሜ የደምሴ ስም አብሮ ተጠራ። ደምሴ ዱር የገባው አስቴር ጡት ስትጠባ ነው፤ አሁን እሷ ራሷ ለትዳር ደርሳለች። ሌሎቹ ሲመለሱ እሱ አልተመለሰም። ሲወድቅ ያየው ግን የለም። ስለዚህ ለቅሶ አልተቀመጥኩም፣ ተዝካርም አላወጣሁም። ሰው አንዴ ከሙታን ጋር ድንጋይ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ማን ይፈልገዋል? ሐውልቱ ሳይመረቅ ደርሼ ስሙን ላስፍቅ ተነሣሁ።

ሚያዝያ ሃያ አምስት ቀን ነው የተነሣነው። ለባለቤቴ ለአቶ ገረመው፣ ትንሹ ልጅ ሲያስለው ምን እንደሚሰጠው፣ እሳቱ በምን እንደሚዳፈን፣ ላሟ ማን ሲያልባት እንደምትራገጥ ነገርኩት፤ መኪናው ላይ ከወጣሁ በኋላም ወርጄ ደገምኩለት። «ሰምቻለሁ» አለኝ። ሰምቻለሁ የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አልሰማም። ፋሲካ አልፎ ስለነበር ለስንቅ ቅቤ የጠገበ ጭኮ፣ የገብስ ቆሎና ዳቦ ያዝኩ። ለሕመም ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ፣ ለዝናብ ጃንጥላ፣ ለብርድ ሁለት ጋቢ ጨመርኩ። አስቴር «እማዬ፣ አሰላ እኮ ነው የምንሄደው፣ ዘመቻ አይደለም» አለችኝ። ዘመቻ የሄደው አጎቷ ምንም ስንቅ ሳይዝ ነበር የሄደው፤ እኔ የማውቀው ይህን ነው።

ከበቆጂ እስከ ሳጉሬ ያለው ጭቃ ከሰፈራችን ጭቃ ጋር ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የእኛ ጫማ ይወስዳል፣ ያኛው መኪና ይወስዳል። ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር ጣሪያውን እየደበደብኩ አውርዱኝ እል ነበር። አቶ ሁሴን ደግ ሰው ነው። በየቁልቁለቱ ያቆማል፣ «ጋሪዳ፣ ጋሪዳ» ይላል፤ በኦሮምኛ ደህና ነው ማለቱ ነው። አምስተኛው ላይ ግን አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እትዬ በላይነሽ፣ እንዲህ ከሆነ እርስዎ በእግርዎ ይሂዱ፣ እኛ በመኪና እንከተልዎታለን» አለኝ። ከዚያ በኋላ ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ። ዓይን ሲጨፈን ቁልቁለቱ እንደሚረዝም ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ሳጉሬ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። እዚያ ጎሚስታ የለም፤ አቶ ሁሴን ራሱ ጎማ ሊቀይር ተነሣ። ብሎኖቹን ጭቃ ላይ ሲያስቀምጥ አይቼ እንዳይጠፉ ሰበሰብኳቸውና በእጄ በነበረው ጨርቅ ቋጠርኳቸው። ጨርቁ የቆሎው ጨርቅ ነበር። ባላምባራስ ርቧቸው ኖሮ ወደ ሰማይ እያዩ እጃቸውን ከተው አንድ ጭብጥ ዘገኑ። ድምፁን ሁላችንም ሰማነው። ብሎኑን ከአፋቸው አውጥተው ለአቶ ሁሴን ሰጡትና «በዱር እያለን ብዙ ነገር በልተናል፤ ይህን ግን አልበላንም» አሉ። ጥርሳቸው አልተሰበረም። ፌጦ ላሽትልዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ።

ምሳ ልንበላ ሁላችንም ወርደን ስንመለስ በጉ አበባውን ጨርሶ ቆየን። የሽቦው ቀለበትና አንዲት ጽጌረዳ ብቻ ቀርተዋል፤ ጽጌረዳዋንም የተዋት እሾህ ስላላት ነው። ባላምባራስ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጉን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «ጠላት እንኳ እንዲህ አላዋረደን» አሉ በመጨረሻ። በጉ ማመንዠጉን ቀጠለ።

አሰላ ስንገባ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ከተማው ከእኛ ይሞቃል፣ ጋቢ ለትከሻ እንጂ ለራስ አያስፈልግም። ቆርቆሮ ቤቱ ብዙ ነው፣ ባሕር ዛፉም ረጅም ነው። የጭላሎ ተራራ ግን ከዚያ ወገን ሲታይ የእኛ ጭላሎ አይመስልም፤ ጀርባውን የሰጠን ዘመድ ይመስላል። ያረፍነው በባላምባራስ የአክስት ልጅ በወይዘሮ ዘነበች ቤት ነው። ባል የሞተባቸው፣ ቀጭን፣ ዝምታ የሚወዱ ሴት ናቸው። ገና ስንገባ ሙቅ ውሃ አቅርበው እግራችንን ካላጠብኩ ብለው ከእኔ ጋር ታገሉ። እኔ እሳቸውን ላጥብ፣ እሳቸው እኔን ሊያጥቡ ስንጓተት ውሃው ተደፋና የሁላችንም እግር አንድ ላይ ታጠበ። እራት ዶሮ ወጥ ነበር። ደንግጬ የዶሮዋን ዋጋ ጠየቅሁ፤ «የዶሮ ዋጋ እንግዳ ነው» አሉኝና ሌላ ጭልፋ ጨመሩልኝ። አልጋቸውን ለእኔና ለአስቴር ለቀው እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ቤታቸው ውስጥ ያለው በርጩማ ሁሉ አምሮ የተጠረበ ነው፤ እኛ ቤት ያለው ሲቀመጡበት ያነክሳል።

በማግስቱ፣ ሚያዝያ ሃያ ስድስት፣ ከቁርስ በኋላ ወይዘሮ ዘነበች ወደ ሐውልቱ ወሰዱን። ቁመቱ ከቤተ ክርስቲያናችን የደወል ማማ ያንሳል። አራት ማዕዘን ድንጋይ ሆኖ ፊቱ በሲሚንቶ ተለስኗል፤ ስሞቹ የተጻፉት በልስኑ ላይ ነው። ጫፉ ላይ አንድ እንስሳ ተቀምጧል። ባላምባራስ ዞር ዞር ብለው አዩትና ግንበኛውን አቶ ለማን ይህ ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። አንበሳ ነው አላቸው። እሳቸው አንበሳ አይተው እንደሚያውቁና እንዲህ እንዳልሆነ ነገሩት።

«እኔ ግን አላየሁም ጌታዬ» አለ አቶ ለማ ያለ ምንም ሐፍረት። «ውሻዬን አየሁና ጎፈር ጨመርኩበት።»

እኔ በጣቴ እየተከተልኩ ስሞቹን ማንበብ ጀመርኩ። አራተኛው መስመር ላይ «ደምሴ ወልዴ» ይላል። ለመምጣቴ ምክንያቱ ይኸው ነው ብዬ ልቤን ይዤ ወደ ታች ወረድኩ። ዘጠነኛው ላይ «ኃይለ ጊዮርጊስ ወልዴ» አለ። ይህ የወልዴ ልጅ ደግሞ ማነው ብዬ ቆምኩ፤ ወዲያው የደምሴ የክርስትና ስም መሆኑ ትዝ አለኝ። አስቴር ደግሞ ከሥር ጎንበስ ብላ «እማዬ፣ አባ ዳማ ማለት አጎቴ አልነበረም?» አለች።

ነበር። ጦረኛ በፈረሱ ስም እንደሚጠራ ታውቃላችሁ። ደምሴ ዱር ሲገባ ይዞት የሄደው ያባታችንን ዳማ ፈረስ ነው፤ ሳያስፈቅድ ስለወሰደው አባታችን እስኪሞት «ሌባው» ይለው ነበር። ጓደኞቹ ግን አባ ዳማ አሉት።

የበዓሉን ኮሚቴ ጸሐፊ አስጠራሁ። መነጽር ያደረገ፣ ችኩል ሰው ነው። ሦስቱንም መስመር በጣቴ አሳየሁትና «ጌታዬ፣ ወንድሜ አንዴ መሞቱን የነገረኝ ሰው የለም፤ እናንተ ሦስት ጊዜ ገደላችሁት» አልኩት።

ጸሐፊው ወረቀቶቹን አወጣ። ለካ ስሙ የመጣው በሦስት መንገድ ነው። ካህናቱ የላኩት ዝርዝር የክርስትና ስም ብቻ ነው፣ ለሙታን የሚጸለየው በዚያ ነውና። አርበኞቹ የላኩት የፈረስ ስም ነው። ይህን ሲል ባላምባራስ ወደ ጭላሎ መመልከት ጀመሩ። እርስዎ ነዎት ወይ ብላቸው፣ ከደምሴ ጋር ሁለት ዓመት በአንድ ቁርበት ሲተኙ ስሙን ጠይቀውት እንደማያውቁ አመኑ። በጦር ሜዳ ሰው ስምህ ማነው ብሎ አይጠይቅም፤ ፈረሱ ከታወቀ ሰውየው ታወቀ ማለት ነው አሉኝ። እሺ፣ ሦስተኛውን፣ ደምሴ ወልዴን ማን ላከው? ጸሐፊው የበቆጂን ወረቀት ገልብጦ ከሥሩ ያለውን ፊርማ አሳየኝ። የአቶ ገረመው ፊርማ ነው። የባለቤቴ። እኔ ስለ ላሟ ስነግረው ሰምቻለሁ ሲለኝ የነበረው ይህን በሆዱ ይዞ ነው።

ሦስቱም ይፋቁ አልኩ። ጸሐፊው ላብ አጠመቀው። ሐውልቱ ላይ ስንት መስመር ስም እንዳለ ለበላይ ጽፎ ልኳል፤ ነገ የሚመጣው ባለሥልጣን ቢቆጥርና ቢጎድል ምን ይላል? ደግሞስ ቦታ የለም ተብሎ የተመለሰ ስንት ሰው አለ፣ አሁን ባዶ መስመር ቢታይ ምን ይባላል? እስከ ከሰዓት በኋላ አስቢበት ብሎኝ ሄደ። ወይዘሮ ዘነበች ምሳ ደርሷል ብለው ወደ ቤት መለሱን።

ምሳ ቀረበ። ወይዘሮ ዘነበች ሳህኑን ገፋ አድርገው ስለ ባላቸው ነገሩኝ። ባላቸው ዘለቀ አስፋው አናጺ ነበሩ። የጣልያን መኮንኖች ወንበርና ጠረጴዛ ያሠሯቸው ነበር። እሳቸው ግን የበርጩማ እግር ፈልፍለው የአርበኞችን ደብዳቤ እየከተቱ፣ በርጩማውን ለገበያ እያሉ ይልኩት ነበር። አንድ ወፍራም መኮንን በአንዱ ላይ ሲቀመጥ የበርጩማው እግር ተሰበረና ደብዳቤው ወጣ፤ ባላቸው የተገደሉት በዚህ ነው። ወይዘሮ ዘነበች ይህን ሲናገሩ ሳቁ፤ እኛ ግን እንሳቅ ወይስ አንሳቅ ጨነቀን። ኮሚቴው ዘለቀ ጠመንጃ ይዘው ስላልዘመቱ ከመጨረሻ አስቀምጧቸው፣ በመጨረሻም ድንጋዩ ሞልቷል ብሎ ወይዘሮ ዘነበችን መለሳቸው።

«እኔ ባሌን በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት» አሉ። «መቃብር አለኝ፣ ስም የለኝም። አንቺ መቃብር የለሽም፣ ሦስት ስም አለሽ።»

እንጀራውን አስቀመጥኩ። ሁለቱን መስመር እርስዎ ይውሰዷቸው፣ ሦስተኛውን ግን ላስፍቀው አልኳቸው።

«አንዱን ተይው» አሉኝ። «በዚህ መንገድ ካለፈ ያነበዋል። ከመጣ ራሱ ያስፍቀው።»

ብዙ አሰብኩ። የቱ ይቅር? የክርስትና ስሙ አይሆንም፣ ለሙት የሚጸለይበት ነው። ደምሴም አይሆንም፣ እናቴ ያወጣችለት፣ እኔ የምጠራው ስም ነው። አባ ዳማ ግን የፈረሱ ነው። ፈረሱ ሲሄድም ሽማግሌ ነበር፤ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት እሱ ሞቷል ቢባል ማንም አይዋሽም። አባ ዳማ ይቅር አልኩ። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ዞር ብለው አፍንጫቸውን ተናፈጡ፤ ፈረሱን ይወዱት ነበር መሰለኝ።

ጸሐፊው የመስመሩ ቁጥር እንዳይጎድል እንጂ ሌላ ነገር አላስጨነቀውም። አቶ ለማ ሁለቱን መስመር በመሮ ፈልፍሎ በአዲስ ሲሚንቶ ለሰናቸው። አራተኛው ላይ «ዘለቀ አስፋው» ብሎ በምስማር ጻፈ። ዘጠነኛው ላይ ምን ይጻፍ ሲባል ወይዘሮ ዘነበች ሳያስቡ «አናጺ» አሉ። ጸሐፊው ሊከራከር አፉን ከፈተ፣ ከዚያ መስመሩን ቆጠረና ዘጋው። እንግዲህ በዚያ ሐውልት ላይ በስንት ግራዝማችና ቀኛዝማች መካከል አንድ «አናጺ» ብቻውን አንድ መስመር ይዞ ተቀምጧል።

ዝናብ ማጉረምረም ጀመረ። ሲሚንቶው እርጥብ ነው። ሐውልቱን ለምረቃው በሸራ ሸፍነው በአንድ ቀጭን ገመድ ብቻ ሸብ አድርገውት ስለነበር፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም አልኩ። ከመኪናው የጭነት ገመድ አስመጣሁና አባቴ በቅሎ ሲጭን በሚያስረው ቋጠሮ ከላይ እስከ ታች ተበተብኩት። ሰባት ቋጠሮ አሰርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

ሚያዝያ ሃያ ሰባት። ዝናቡ ቆሞ ጠዋቱ ብሩህ ነበር። የተማሪ ቤት ልጆች በሰልፍ መጡ፣ ካህናቱም ሽማግሌዎቹም መጡ፣ ሰው ከገጠር በፈረስ ጎረፈ። በእኛ በቆጂ እንዲህ ያለ ሕዝብ የሚታየው በታቦት ንግሥ ብቻ ነው። ባለሥልጣኑ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ በጣም ጥሩ እንደነበር ሰምቻለሁ፣ እኔ ግን ሲሚንቶው ደርቆ ይሆን እያልኩ አልሰማሁትም። ከዚያ ገመዱን ሳቡ። ምንም አልሆነም። ደግመው ሳቡ። ሸራው ሐውልቱን እንደ ሕፃን አቅፎ ቀረ። ሙዚቀኞቹ የሚጀምሩት ሸራው ሲወድቅ ነበርና ጀምረው ቆሙ፣ ጀምረው ቆሙ። ጸሐፊው መጥቶ አብሮ ሳበ፤ ሁለት ወታደሮችም ተጨመሩ። የበቅሎ ቋጠሮ ሲሳብ ይበልጥ እንደሚጠብቅ የሚያውቅ ከመካከላቸው አልነበረም።

ባለሥልጣኑ ማን ነው ያሰረው ብለው ጠየቁ። አስቴር ነጠላዬን ይዛ ዝም በይ አለችኝ፤ እኔ ግን እግሬ ወስዶኝ ነበር።

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አልኩ። «ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ቆሜ ሰባቱን ቋጠሮ ፈታሁ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ውሃ ስላጠበቃቸው በጥርሴ ነው የፈታኋቸው። ከኋላዬ አንዲት ሴት እልል አለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት፤ በሳቅ ይሁን በክብር እስከ ዛሬ አልለየሁም። ሸራው ሲወድቅ መጀመሪያ የታየው ጎፈር ያለው ውሻ ነው። ከዚያ ስሞቹ ታዩ። ደርቀዋል። ወይዘሮ ዘነበች ሰልፉን ጥሰው ወጡና ጣታቸውን «ዘለቀ» የሚለው ላይ አኖሩ። ሁሉም ቦታ አልደረቀም ኖሮ ጣታቸው ትንሽ ጉድጓድ ተወ። ጸሐፊው ፊቱን አጨማደደ፤ ጉድጓዱ ግን እዚያው ቀረ።

በመጨረሻ ባላምባራስ የበቆጂን ጉንጉን አኖሩ። አስቴር ሽቦውን በባሕር ዛፍ ቅጠል ሸፍና ያቺን ጽጌረዳ መካከሉ ላይ ሰክታት ነበር። ግብሩ ላይ የእኛ በግ ቀረበ። ባላምባራስ ሥጋቸውን አንሥተው ለተሰበሰበው ሰው እንዲህ ሲሉ ገለጹ፦ በጉ የበቆጂን አበባ በላ፣ እኛ በጉን በላን፤ እንግዲህ ጉንጉኑ በእያንዳንዳችን ሆድ ተቀምጧል ማለት ነው። አቶ ሁሴን የእስላሞቹ ግብር ጋ ስለነበር ይህን አልሰማም፤ ስንመለስ ሁለት ጊዜ ነገሩት።

ሚያዝያ ሃያ ስምንት ተመለስን። ወይዘሮ ዘነበች ስንሰነባበት አንድ በርጩማ አሸክመውኛል፤ ባላቸው የሠሩት ነው። እግሩን አንኳኩቼ አየሁት፣ ድፍን ነው። ሁለቱን ጋቢ ትቼላቸው መጣሁ፤ አንዱን አልቀበልም ብለው ስንጓተት አቶ ሁሴን ሞተር አስነሣ።

በመንገድ ባላምባራስ ከፊት ወርደው ከእኔ ጋር ጆንያው ላይ ተቀመጡ። ኒሻኖቻቸውን አውልቀው በመሐረብ ቋጥረዋቸዋል። ጠላት ከአሰላ የወጣ ዕለት ደምሴ ከሳቸው ጋር እንደነበረ ያን ጊዜ ነገሩኝ። ሁሉም እየዘፈነ ወደ ከተማ ሲገባ እሱ ብቻ ፈረሱን ይዞ በሲሬ መንገድ ወደ ወንዝ ዞረ። ወዴት ነው ቢሉት «ዳማን ውሃ ላጠጣው» አላቸው። ጥይት አልተሰማም። ወደ ማታ ሄደው ቢፈልጉት ወንዙ ዳር የፈረስ ኮቴ ብቻ አገኙ፤ ኮቴው ወደ ወንዙ ገብቶ በማዶ በኩል ወጥቷል። ይህን ለምን ሐውልቱ ጋ አልነገሩኝም ብላቸው፣ ተስፋ መስጠት ከመርዶ ይከብዳል አሉኝ።

ቤት ስደርስ ልጁ አይስልም፣ እሳቱ አልጠፋም፣ ላሟም ታልባለች። ትንሽ ቅር አለኝ። አቶ ገረመውን ፊርማህን አይቼዋለሁ አልኩት። እኔና አንቺ ስናልፍ ደምሴ የሚባል ሰው እንደነበረ የሚያውቅ እንዳይጠፋ ብዬ ነው አለኝ። በርጩማው ላይ አስቀመጥኩትና እራት አቀረብኩለት።

አሁን ይህን ለምታነቡ፣ ወይም ሲነበብ ለምትሰሙ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ወደ ሲሬ፣ ወደ ጢቾ ወይም ከዚያ ወዲያ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁልኝ። ስሙ ደምሴ ወልዴ ነው፤ በክርስትና ኃይለ ጊዮርጊስ፣ በጦር ሜዳ አባ ዳማ ይሉታል። ረጅም ነው፣ በግራ ቅንድቡ ላይ የቃጠሎ ጠባሳ አለው፣ ወተት ላይ ጨው ጨምሮ ይጠጣል፣ ወሬ ሲያወራ መጨረሻው ሳይደርስ ይስቃል። ያየው ሰው ወይም ስለ እሱ የሰማ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ በቆጂ ለበላይነሽ ወልዴ ይላክልኝ።